ትልቁ ጎማና ሽማግሌዎቼ

ዛሬ ሚስት ሊጠይቁልኝ የላክኋቸው ሽማግሌዎች ከመኪናዬ ወርደው በእግራቸው ገቡ። 😂

ነገሩ እንዲህ ነው። ከመርሳ ወልድያ ሳደርሳቸው መኪናዬ ከፍ ብላ እንድትታይልኝ ብዬ ትልልቅ ጎማ አስገጠምኩ። ጎሚስታው የጎማዎቹን አቋም፣ አላይመንቱን፣ አስተካክሎ "አብሽር!" አለኝ። ብቻዬን ስሞክራትም ምንም አላለች።

ዛሬ ሦስት አባቶች ሲሳፈሩባት ግን ከሥር የሚሸከማት ሞላ ተኛ። መንገድ ላይ ያለችውን ሲሪንቃን ሳናልፍ፣ በየኩርባው ጎማው ከላዩ ያለውን የጭቃ መከላከያ፣ ፓራፋንጎውን፣ እየፋቀ ይጮህ ጀመር። ለካ አላይመንቱ ልክ ቢሆንም፣ ሰው ሲጫን ጎማው መዞሪያ ቦታ ያጣል!

አጎቴ ሐጂ ሙሄ ከኋላ ሆነው "ልጄ፣ የመኪናህ እግር አድጓል፤ ጫማዋ ግን የአምናው ነው" አሉኝ።

ወልድያ ዳገቱ ላይ ጩኸቱ ሲብስ፣ ጎማው ሳይቀደድ ብዬ አወረድኳቸው። እኔ ከኋላ ከኋላ ተከተልኩ። ባዶዋን ስትሆንማ ድምፅም የላት፣ አስመሳይ!

ከልጅቷ ቤት ውጭ ቆሜ ስጠብቅ ሐጂ እየሳቁ ወጡ።

"ምን አሉ?"

"አልሐምዱሊላህ! ለምን በእግር እንደመጣን ነገርናቸውና፣ 'ልጃችንን ለልጃችሁ ሰጥተናል፤ ለመኪናው ግን አልሰጠንም' ብለዋል።"

እስቲ እናንተስ፣ ለጉራ ብላችሁ ጎማ ያሳደጋችሁ፣ ምን ገጠማችሁ? መካሪ ካለ ከሠርጉ በፊት ይድረስልኝ!