ተጠባባቂ ቁጥር አንድ

ግቢያችን ውስጥ ልብስ አጣቢዋን በስሟ የሚጠራት የለም። ሁላችንም «ሳሙና» ነው የምንላት። እሷም አትቀየምም፤ «ስንቱን አንጽቼ እኔው አለቅሁ» እያለች ራሷ ትስቅበታለች። ስትስቅ ደግሞ ግቢው በሙሉ ይሰማታል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የቤቴ በር ከእሷ የልብስ ገመድ አሥር እርምጃ አይርቅም። አሥራ አራት ዓመት ጎን ለጎን ኖረናል። እሷ ታጥባለች፣ እኔ እሰፋለሁ፤ ቁልፍ የጎደለው ሸሚዝ ሲገጥማት በመስኮት ትወረውርልኛለች። ሴት ልጆቻችን በአንድ ዓመት ተወለዱ። የሷ ስትታመም እኔ፣ የኔ ስትታመም እሷ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይባል የለ? እንደዚያ ነበርን። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የማንንም ሐዘኔታ አልፈልግም።

የሷ ልጅ «ደቃቋ» ናት። ነፋስ ይወስዳታል የምትሏት ዓይነት ናት፤ ጭንቅላቷ ግን ምላጭ ነው። ገና በስምንት ዓመቷ የየትኛው ደንበኛ አንሶላ ስንት እንደሆነና በየትኛው ቀን እንደመጣ በቃሏ ለእናቷ ትይዝላት ነበር። የኔዋም ደህና ልጅ ናት። ከደቃቋ አጠገብ ስትቆም ግን፣ እውነቱን ልናገር፣ ትንሽ ትፈዛለች። እናት እንዲህ አትልም ይባላል፤ እኔ ብያለሁ።

የስምንተኛ ክፍል ውጤት መጣና ሁለቱም አለፉ። ማለፉ ምን ያደርጋል! ሰፈራችን ያለው ሁለተኛ ደረጃ አንድ ትምህርት ቤት ነው፤ በአንድ ዴስክ አራት ልጅ አጭቀው ያስተምራሉ። የሌላው ሰፈር ደግሞ የራሱንም ልጆች አልቻለም። የግሉን አታንሱብኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ እኔና ሳሙና በየበሩ ተንከራተትን። ዘበኛው «ሞልቷል»፣ ጸሐፊዋ «ሞልቷል»፣ ርዕሰ መምህሩ ቀና እንኳ ሳይል «ሞልቷል»። አንዱ በር ላይ ሳሙና፣ «ምኑ ነው የሞላው፣ ሳፋ ነው እንዴ? የኔዋ እንደሆነች ደቃቃ ናት፣ በሽንቁር ትገባለች» ብላ ዘበኛውን ሳይቀር አሳቀችው። ሳቀ፣ ሳቀና በሩን ዘጋው።

በመጨረሻ የሰፈራችን ትምህርት ቤት የተጠባባቂዎችን ዝርዝር ግድግዳ ላይ ለጠፈ። ቁጥር አንድ ደቃቋ፣ ቁጥር ሁለት የኔዋ። በሁለት ነጥብ ተበልጣ! ጸሐፊዋ የስልክ ቁጥር ጠየቀችን። የሳሙና ስልክ ከሳምንት በፊት ከደረት ኪሷ ሾልኮ ሳፋ ውስጥ ገብቶ ሞቷል። ሳሙና ወደ እኔ ጠቁማ «የሷን ጻፊልኝ» አለቻት። «የሷና የኔ ምን ልዩነት አለው?» ጸሐፊዋም ጻፈች።

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት፣ ውሃ እንኳ ሳትቀዳ፣ በመስኮቴ ብቅ ማለት ሆነ ሥራዋ።

«ደወሉ?»

«አልደወሉም።»

«ቻርጅ አድርጊው እንጂ፣ እህቴ! ሞቶብሽ እንዳይሆን።»

ትምህርት በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋዱ ላይ፣ ደወሉ።

«ለተጠባባቂ ቁጥር አንድ ቦታ ተገኝቷል» አለች ጸሐፊዋ። «ነገ እስከ ስድስት ሰዓት ከወላጇ ጋር ትቅረብ። ካልመጣች ለሚቀጥለው እንሰጣለን።»

የሚቀጥለው የኔ ልጅ ናት።

በመስኮቱ ሳሙና ትታየኛለች። ክንዷ እስከ ክርኗ አረፋ ነው፤ ከልጇ ጋር አንድ አንሶላ ግራና ቀኝ ይዘው እየጠመዘዙ ይጨምቃሉ። ስልኩን ጆሮዬ ላይ ስታይ እጇ ቆመ።

«ማነው? እነሱ ናቸው?»

እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር? ተዉት፣ የምትሉትን አውቀዋለሁ። በወሬ ጊዜ ሁሉም ሰው ጻድቅ ነው። እኔ «ደንበኛ ናት፣ ቀሚሴ አልደረሰም ወይ ነው የምትለው» አልኩ። ድምፄ እንኳ አልተንቀጠቀጠም።

«ኤጭ! ቀሚሷ ይቃጠልባት» ብላ ወደ አንሶላዋ ተመለሰች።

ማታ እነግራታለሁ አልኩ። ማታ ሲሆን ጠዋት እነግራታለሁ አልኩ። ጠዋት መጥታ «ደወሉ?» ስትለኝ «አልደወሉም» አልኳት። አምስት ሰዓት ላይ ተነስቼ እስከ በሯ ሄድኩ። ሳሙና ልብስ ልታደርስ ወጥታለች። ደቃቋ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ከአሮጌ ደብተሮቿ ባዶ ባዶውን ገጽ እየነቀለች አንድ ላይ ታነባብራለች፤ ለዘጠነኛ ክፍል ደብተር እየሠራች ነበር።

«እትዬ፣ የሚሰፋበት ወፍራም መርፌ ያበድሩኛል?» አለችኝ።

መርፌ አመጣሁላት። ከመርፌው ሌላ ምንም ሳልሰጣት ተመለስኩ።

ስድስት ተኩል ላይ ስልኩ ጮኸ። «ተጠባባቂ ቁጥር ሁለት... ቆይ፣ ይሄ ቁጥር የትናንቱ አይደለም እንዴ?»

«ነው፤ ጎረቤቴ ናት፣ ስልክ የላትም» አልኩ ዓይኔን በጨው አጥቤ። «ነግሬያታለሁ። ልጅቷ ሌላ ትምህርት ቤት አግኝታ ትታዋለች።» ይህኛውን ውሸት ያስገደደኝ ማንም አልነበረም። ጸሐፊዋ ስትጽፍ የእስክሪብቶው ድምፅ ይሰማኝ ነበር።

ልጄ ገባች። ለሳሙና፣ ለልጄም ቢሆን፣ «ወንድሜ የሚያውቀው ሰው በጓሮ በር አስገባልን» አልኳቸው። እንዲህ ያለውን ነገር ለማመን የሚቸገር ሰው የለም። ሳሙና ትቀናለች፣ ትኮራረፋለች ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እንዲያውም ብትሰድበኝ በተሻለኝ። እሷ እቴ! አንገቴ ላይ ተጠምጥማ ሳመችኝ።

«እሰይ! አንዷም ብትሆን ገባች! ምነው ያ ሰውዬ ለኔዋም ባናገረልኝ?»

«እጠይቀዋለሁ» አልኩ።

ሁለት ወር ስለዚያ ሰውዬ ስትጠይቀኝ ከረመች። የሌለውን ሰውዬ አንዴ አሳመምኩት፣ አንዴ ለሥራ መስክ ላክሁት፣ በመጨረሻ ከሥራው አባረርኩትና ተገላገልኩ። ሳሙና ለሱም አዘነችለት፤ «ምስኪን፣ በኛ ጦስ ይሆናል» አለች።

ተስፋ ስትቆርጥ ልጇን በእጇ ይዛ መጣች። «ቤት ተጎልታ ከምትውል ስፌት አስተምሪልኝ። ከአንቺ ሌላ ማንን አምናለሁ?»

በምን አፌ እምቢ ልበል? ደቃቋ ሁለተኛዋ የስፌት መኪናዬ ላይ ተቀመጠች። በሳምንቷ ስፌቷ ቀጥ አለ። ጥቂት ቆይታ የትምህርት ቤቱን ዩኒፎርም ጠርዝ የምትቀመቅመው እሷ ሆነች፤ የልጄንም ጭምር። ልጄ ስትመለስ የሒሳብ ደብተሯን ትዘረጋላታለች፣ ደቃቋም እግሯን ከፔዳሉ ሳታነሳ ትሠራላታለች። አስተማሪው በቀይ «ጎበዝ» ብሎ ጻፈ። ያንን «ጎበዝ» አይቼ ደሜ ፈላና ደቃቋ ላይ ጮኽኩባት፤ «አርፈሽ ሥራሽን ሥሪ! ክሬን ጨረሽው!» ክር አላባከነችም። ሰው የበደለውን ሰው ምን ያህል እንደሚጠላ የተማርኩት እዚያች መኪና አጠገብ ነው።

በዓመቱ ምዝገባ ተከፈተ። ሳሙና ደህናውን ቀሚሷን ለብሳ፣ «ዘንድሮስ በግድም ቢሆን አስገባታለሁ» ብላ ወጣች። እኔ ያን ቀን አንድ እጅጌ ሁለቴ ገልብጬ ሰፋሁ።

እኩለ ቀን ላይ በሩን በርግዳ ገባች። ፊቷ በርበሬ መስሏል።

«ጉድ ስሚ! ያቺ ጸሐፊ፣ ያቺ ውሸታም! ልጅሽ አምና ቦታ ተሰጥቷት የተወች ናት፣ ቦታ የተወ ሁለተኛ አይመዘገብም አለችኝ። መዝገብ አውጥታ! በጎረቤትሽ ስልክ ደውለን፣ ሌላ ትምህርት ቤት ገብታለች ተባልን ትለኛለች። በአንቺ ስልክ! አንቺ የኔን ልጅ!»

መቀሴን አንስቼ መልሼ አስቀመጥኩ።

«አፏን ነው ያስያዝኳት! ቦታውን ለባለጸጋ ሸጣችሁ በእህቴ ታላክካላችሁ? እሷን የመሰለች ሴት ስም ከምታጠፊ ሞልቷል ብትዪኝ አይሻልም? አልኳት። ዘበኛ ጠርታ ጎትቶ አስወጣኝ።» ክንዷን አሳየችኝ፤ አምስት ጣት ቀልቶበታል። «ሁለተኛ በዚህ በር እንዳትደርሺ ተባልኩ። ይቅር! ልጄ ሳትማር ትቅር እንጂ እኔ ቆሜ አንቺ አትሰደቢም።»

ያኔ የደቃቋ መኪና ዝም ማለቱን አስተዋልኩ። ደቃቋ መጀመሪያ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ስልክ አየች። ቀጥላ እኔን አየችኝ። ቀን በቃሏ የምትይዝ ልጅ ናት ብያችኋለሁ። የአንሶላውን ቀን፣ የመርፌውን ቀን፣ ልጄ የገባችበትን ቀን ስትደምር ፊቷ ላይ አየሁት። አሁን ትጮኻለች ብዬ ጠበቅሁ። ብትጮኽ እግሯ ላይ እወድቅ ነበር።

«እማዬ» አለች፣ «ተሳስተው ነው። ተይው በቃ። ነይ ውሃ ጠጪ።»

ለኔ ብላ አይደለም። እናቷ በዚህ ግቢ ከኔ ሌላ ሰው እንደሌላት ስለምታውቅ ነው። ሳሙና ውሃዋን ጠጥታ፣ እኔንም «አይዞሽ፣ ምን አስደነገጠሽ» ብላ አጽናንታ ወደ ገመዷ ሄደች።

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እኔና ደቃቋ ስለዚያ ቀን እስከ ዛሬ ቃል አልተነፈስንም። ሥራዋን አላቋረጠችም፤ «እትዬ» ማለቷንም አልተወችም። አንድ ነገር ብቻ ለወጠች። ጠዋት ስትገባ ስልኬን ከጠረጴዛው አንስታ የሷ መኪና ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሲጮኽ የምታነሳው እሷ ናት። ጀርባዋን ሰጥታኝ ታዳምጥና ትዘጋዋለች።

«ማነው?» እላታለሁ።

«ደንበኛ ናት፣ እትዬ» ትለኛለች። «ቀሚሴ አልደረሰም ወይ ነው የምትለው።»