ሳይነበብ የተፈረመው

አያ ሙቱባንዳ በወረዳችን ጽሕፈት ቤት ሃያ ዘጠኝ ዓመት ሲያገለግሉ አሥራ ሦስት እንግሊዛውያን ሹማምንት አሳድገዋል። አዎ፣ አሳድገዋል ነው የምለው። ሩዝን ከሣር የማይለይ ጎረምሳ ኮሎምቦ ላይ ከመርከብ ይወርድና መቶ ሃምሳ መንደር ይረከባል። አያ ቋንቋችንን ያስጠኑታል፣ ሥራውን ያስይዙታል። ፈተናውን ባለፈ ማግስት ሹመት ተጨምሮለት ይዛወራል። ያ የሹም ወንበር ለእኛ ዘር አልተፈቀደም፤ አያም በጸሐፊነት አረጁ። ዛሬም ሳስበው ያንገበግበኛል።

እህታቸው ዲንጊሪ ሜኒኬ የምትኖርባት ካሉዌዋ ሩዟን የምታበቅለው በአንድ ግድብ ውሃ ነው። ግድቡ ከተሰነጠቀ ስድስት ዓመት ሆኖታል። አዲስ ሹም በመጣ ቁጥር «ጥናት ይቅረብልኝ» ይላል። ጥናቱ ሲደርስ ሰውዬው የለም፤ ተተኪውም ሌላ ጥናት ያዛል። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ!

ዝናቡ ሁለት ወር ሲቀረው ዲንጊሪ ሜኒኬ ቢሮ ድረስ መጣች።

«አያ፣ የዘንድሮውን ዝናብ አይችለውም። ሬሳችን እስኪንሳፈፍ ነው የምትጠብቁት?»

«ጉዳዩ እየታየ ነው።»

«ስድስት ዓመት ሙሉ? ምን ዓይነት ዓይን ነው ያላችሁ!»



በዚያው ሳምንት አሥራ ሦስተኛው ሹም ሊዛወር ጠመንጃውንና ውሾቹን ይሰበስብ ነበር። ለተተኪው የሚተወውን የርክክብ ማስታወሻ እንደ ወትሮው አያ ይጽፋሉ፣ ሹሙ ሳያነብ ይፈርማል። ተተኪውም አላዋቂ እንዳይባል በማስታወሻው የሰፈረ ትእዛዝ አይሽርም። አያ አንዲት መስመር ጨመሩ፤ የካሉዌዋ ግድብ ከዝናቡ በፊት እንዲጠገን ታዟል።

«አያ፣ ለጡረታዎ አንድ ዓመት ቀርቶዎት? አበዱ እንዴ?» አልኳቸው፤ ረዳት ጸሐፊያቸው ነበርኩ።

«አንተ ቀለሙን አቀብለኝ።»

ተፈረመ። አዲሱ ሹም መጣ፣ ሥራው ተጀመረ። ግድቡ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ግን ሁለታችንንም ጠራን።

«ከእኔ በፊት የነበረው ሹም ጽፎልኛል። የካሉዌዋ ግድብ ይጠገን ብሎ አላዘዘም።»

አያ ጠረጴዛው ላይ የተከመረውን ወረቀት ተመለከቱ።

«ፊርማው የእሳቸው ነው፣ ጌታዬ። እርስዎስ ዛሬ ጠዋት የፈረሙት ስለ ምን እንደሆነ ያስታውሳሉ?»

የሰውዬው ፊት ቀላ። ሥራውን ቢያስቆም ለበላዮቹ ምን ሊል ነው? ሹማምንት ሳናነብ እንፈርማለን ሊል? ግድቡ ቀጠለ። አያን ግን በሳምንቱ አባረራቸው፤ ጡረታቸውም ቀረ።

ግድቡ ሲያልቅ በውሃ መልቀቂያው ድንጋይ ላይ የሹሙ ስም ተቀረጸ። ከዝናቡ በኋላ ካሉዌዋ ደርሼ ስመለስ አያ ዘንድ ጎራ አልኩ። ሪህ ይዟቸው ተኝተዋል።

«ውሃው የት ደረሰ?» አሉኝ።

«የሹሙን ስም ሸፍኖታል።»

ከተባረሩ ወዲህ ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው።

«ደግ አድርጓል» አሉ።