የዶክተር ኩልካርኒ ዜማ

ታቢታን በድምፅ የሚያህላት መዘምር በቤተ ክርስቲያኗ አልነበረም፤ እሷም ይህን አሳምራ ታውቃለች። አዲስ ከተማ ሰፈር ያለውን ዋናውን ቤቷን ዩኒቨርሲቲ ለሚያስተምሩት ህንዳዊ፣ ለዶክተር ኩልካርኒ፣ አከራይታ ራሷ ከኋላ ሰርቪሱ ውስጥ ትኖር ነበር። ዘመኑ 1999 ዓ.ም. ነው፤ የህንድ መምህራን በየካምፓሱ የበዙበት።

ሰውየው ጎህ ሲቀድ ይዘፍናሉ። ዘፈን ከተባለ! ቃል የለው፣ ምት የለው። አንዲቱን ድምፅ ከሆዳቸው አውጥተው ይጎትቷታል፤ ወደ ላይኛዋ ጠጋ ይሉና ሳይነኳት ይመለሳሉ። የህንድ ፊልም ዘፈን ለለመደችው ታቢታ ሕመም እንጂ ዜማ አልመሰላትም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት መዘምራኑ ለልምምድ ግቢዋ ተሰበሰቡ። አረፍ ሲሉ፣ «እስቲ ተከራይሽን አሰሚን!» አሏት። ዓይኗን ጨፍና፣ እጇን እያወዛወዘች ጀመረች። ሁሉም በሳቅ ፍርስ አሉ። ድንገት ሳቁ ቀጥ አለ። ዞር ስትል ዶክተሩ ሙዝ የያዘ ፌስታል አንጠልጥለው ቆመዋል።

አልተቆጡም። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«እዚህ ከመጣሁ ሦስት ዓመቴ ነው፤ እንዲህ በጥሞና የሰማኝ አላገኘሁም» አሉ በእንግሊዝኛ። «ሦስተኛዋን ድምፅ ብቻ ቸኮልሽባት። ከፈለግሽ አስተምርሻለሁ።»

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። «እሺ» አለች።

ከዚያ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን ከሥራ መልስ ያስተምሯት ጀመር። ድሩፓድ የሚሉት ጥንታዊ አዘፋፈን ስንኙ ሳይጀመር ረጅም መንገድ በድምፅ ብቻ ይሄዳል። ኻያል የሚሉት ሌላው አዘፋፈን ደግሞ ትርጉሙ ምናብ ነው፤ ዘፋኙ አጭር ስንኝ ይይዝና እንደ ልቡ ያሰፋታል። አንዲቱን ድምፅ ሳታንቀጠቅጥ ለመያዝ ብቻ ሁለት ወር ፈጀባት። ባመሰገኗት ቁጥር አንገቷን ትደፋለች፤ እሳቸው ትሕትና መሰላቸው።

ውላቸው አልቆ ሻንጣ ሲያስሩ ግን አላስቻላትም።

«ዶክተር፣ ያን ቀን እኮ ሳሾፍብዎት ነው የደረሱብኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

የሻንጣውን ቀበቶ ጠበቅ አደረጉ። «ለእናቴ ጽፌላት ነበር» አሉ፤ «አንዲት ሴት ሰማችኝ ብዬ።»

«ኋላማ ሰምቼዎታለሁ» አለች።

በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ቀና ብለው ግን አላዩዋትም። ሻንጣውን ተሸክማ እስከ ባጃጁ ሸኘቻቸው። ባጃጁ ከታጠፈ በኋላም በሩ ላይ ቆማ ቀረች፤ ወደ ባዶው ቤት ለመግባት እግሯ እንቢ አላት።