የሚኒ ሚዲያው ሻርፕ

ባለፈው ወር የመጽሐፍ መደርደሪያ ላሠራ ሾላ ገበያ አጠገብ ወዳለ አንድ አናጢ ቤት ሄጄ ነበር። አናጢው ስለ ጣውላው ውፍረት እያስረዳኝ ሳለ፣ በሩ ሥር የተከመረውና የማለዳ ካፊያ የነካው ሰጋቱራ ሽታው ድንገት አፍንጫዬን ሲሞላው የሚለኝ ሁሉ ከጆሮዬ ጠፋ። ሁለት ጊዜ «እህቴ፣ ስፋቱ ምን ያህል ይሁን?» ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ ሰው እርጥብ ሰጋቱራ ሲሸተው የሚያስበው ስለ አልጋና ቁም ሣጥን ይመስለኛል። እኔን ግን የሚወስደኝ ወደ አንድ የእግር ኳስ ሜዳ ነው፤ እዚያ ስደርስም፣ ይኸው ስንት ዓመት አልፎት እንኳ፣ ልቤ ክው ይላል።

የተማርኩበት ካምፓስ የካ ውስጥ፣ ከአስፋልቱ ወደ እንጦጦ በሚያወጣው ዳገት ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ሜዳው ራሱ ያዘመመ ስለነበር ቁልቁል የሚያጠቃው ቡድን ኳሷን ነካ ማድረግ ብቻ ይበቃው ነበር፤ ሽቅብ የሚያጠቃው ደግሞ ጎን እስኪቀያየሩ ድረስ በጸሎት ይቆያል። ከሜዳ የወጣች ኳስ ባሕር ዛፎቹን አልፋ ገደሉ ውስጥ ስለምትገባ፣ እሷን ፍለጋ መውረድ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ያልተጻፈ ግዴታ ነበር። መስመሩ የሚሰመረው በኖራ ሳይሆን ከእንጨት ሥራ ክፍሉ በጆንያ በሚመጣ ሰጋቱራ ነው። በጥቅምት መሬቱ የክረምቱን ውኃ ገና ጠጥቶ ስላልጨረሰ ጠዋት የተነሰነሰው ሰጋቱራ ከሰዓት ሲሆን ጠቁሮ ከአፈሩ አይለይም፤ ዳኛው ኳሷ ወጣች አልወጣች የሚለውን ጎንበስ ብሎ በማሽተት ነው የሚወስነው እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

በየዓመቱ ጥቅምት ሲገባ የኪነ ጥበብና የስፖርት ሁለት ሳምንት ይደረጋል። ሰማዩ ታጥቦ እንደተሰጣ አንሶላ ጥርት ይላል፤ ከእንጦጦ የሚወርደው ንፋስ ፀሐይ ላይ ቆመው እንኳ ሹራብ ያስለብሳል። የሥዕል ተማሪዎች ሥራዎቻቸውን በሁለት ዛፎች መካከል በተዘረጋ ገመድ ላይ በልብስ መቆንጠጫ ይሰቅላሉ፤ ንፋሱ ሲበረታ ሥዕሎቹ እየተገለበጡ ጀርባቸውን ያሳያሉ። መምህራን ገመድ ጉተታ ገጥመው በሙሉ ሱፍ ጭቃ ላይ ይወድቃሉ፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ደረጃ ላይ ክራር ይሰማል፤ ሁሉም ነገር የሚታወጀው ግን ከእኛ ክፍል ነው።

የእኛ ክፍል የሚኒ ሚዲያው ክፍል ነበር፤ ሜዳው ዳር ያለ፣ ከጥበቃ ቤት የማይበልጥ የቆርቆሮ ቤት። ድምፅ ማጉያው ረጅም አጣና ላይ ታስሮ፣ ጀርባውን ለእኛ ሰጥቶ ወደ ሜዳውና ወደ ተራራው ይመለከታል፤ ስለዚህ የተናገርነውን ከክፍሉ ውስጥ የምንሰማው እንጦጦ መልሶ ሲልክልን ብቻ ነው። የምታነበው የዶርም ጓደኛዬ ራሔል ነበረች፤ የመሪ ሠፈር ልጅ፣ ሳቋ ከእሷ ቀድሞ በር የሚከፍት። የምጽፈው እኔ ነበርኩ። ስሜ ሲጠራ ከንፈሬን ብቻ አንቀሳቅሼ «አለሁ» ስለምል ሁለት መምህራን በተከታታይ ቀሪ ያደረጉኝ ልጅ ስለነበርኩ፣ በዚያ ማይክ አንድም ቀን ተናግሬ አላውቅም።

ማይኩን በተመለከተ የራሳችን አሠራር ነበረን። ሲጠፋና ሲበራ ድምፅ ማጉያው እንደ ጥይት ይጮሃል፤ አንድ ጊዜ የበር ጥበቃው በደረታቸው መሬት ላይ ከተኙ በኋላ እንዳይጠፋ ተወሰነ። ስለዚህ ዝም ማለት ስንፈልግ በራሔል ወፍራም የሱፍ ሻርፕ ሦስት ጊዜ እንጠቀልለዋለን። «አልብሺው» እላታለሁ፤ ታለብሰዋለች፤ እኛም ስለ ዳኛው ሱሪ እንደልባችን እናወራለን። «አውልቂለት» ስላት ታወልቅለትና ጨዋታው ይቀጥላል። ሻርፑ አንድም ቃል አሳልፎ አያውቅም ነበር።

የእኛ ዓመት በረኛ ገመቹ ይባላል። ቤተሰቦቹ ከእንጦጦ ጀርባ ያሉ ገበሬዎች ሲሆኑ፣ እናቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ቅቤና አይብ ይዘው ሾላ ይወርዳሉ፤ ሲመለሱ ባዶ ቅርጫታቸውን እንደያዙ ልጃቸውን ሊያዩ ወደ ካምፓስ ጎራ ይላሉ። መጀመሪያ የመጡ ቀን፣ አንዱ አጥቂ ወደ ጎል አክርሮ ሲመታ ሰጋቱራውን ተሻግረው ሜዳ ገቡ።

«ስንት ሆናችሁ ነው አንድ ልጅ ላይ የምትወረውሩት?» አሉ።

«እማማ፣ ጨዋታ እኮ ነው» አላቸው ዳኛው።

«እንግዲያው እናንተ ተራ በተራ ቁሙና እሱ ይወርውርባችሁ።»

ገመቹ ፊቱን በጓንቱ ሸፍኖ ሳቀ፤ ተመልካቹ አጨበጨበ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከጎሉ ጀርባ አንድ የክፍል ወንበር ይቀመጥላቸው ጀመር። ልጃቸው ኳስ ሲይዝ ጥሩ ነገር መሆን አለመሆኑን መጀመሪያ የሰዉን ፊት አይተው ያረጋግጡና «ጎበዝ» ይላሉ። ገመቹ ከራሔል ሌላ እኔ እንደምጽፍ የሚያውቅ ብቸኛ ሰው ነበር። ባገኘኝ ቁጥር «ጸሐፊ፣ ዛሬስ ምን ብለሽ ልታሞግሺኝ ነው?» ይለኛል፤ እኔም ጫማዬን እያየሁ አልፈዋለሁ።

የሁለተኛ ዓመት ተማሪዎች ሳለን፣ በፍጻሜው ቅዳሜ፣ ከጎሉ ጀርባ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ማንም ልብ አላለም፤ እኔም አላልኩም። በእረፍት ሰዓት የተማሪዎች ጉዳይ ኃላፊው ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ አስከትለው ክፍላችን ገቡና በሩን ገርበብ አደረጉት።

«ልጆች፣ ከዚህ ክፍል እንዳይወጣ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የገመቹ እናት ትናንት አርፈዋል። አጎቱ ሊወስዱት መጥተዋል፤ ቀብሩ ነገ ነው። እናትህን ትንሽ አሟቸዋል ተብሎ ነው የሚሄደው።»

ምክንያቱን ማስረዳት አላስፈለጋቸውም። እኛ ዘንድ መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ በዘመድ መካከል፣ የሚወድቀውን የሚደግፍ ክንድ ከቀረበ በኋላ ነው። ሰው የእናቱን ሞት ሜዳ ላይ ቆሞ አይረዳም።

«አሁን ልጥራው?» አለች ራሔል ወደ ማይኩ እያየች።

አጎቱ በመስኮቱ ተመለከቱ። ገመቹ ሣሩ ላይ ተቀምጦ ብርቱካን እየላጠ አንድ ነገር ያወራል፤ ጓደኞቹ በሳቅ ይንከባለላሉ።

«ስንት ቀረው?»

«አርባ አምስት ደቂቃ፣ አባባ።»

«ይጨርስ» አሉ። «እንዲህ የሚስቅበት ቀን ቶሎ አይመለስለትም።» ከዚያም እንዳያያቸው ብለው ዛፎቹ ሥር፣ ሰው መሀል ሄደው ቆሙ።

ሁለተኛውን አጋማሽ እንዴት እንዳስተላለፍነው አላውቅም። እኔ በብጣሽ ወረቀት እየጻፍኩ አቀብላለሁ፤ ራሔል ታነባለች፤ የገመቹ ስም በመጣ ቁጥር ድምፅዋ እንደተሰነጠቀ ብርጭቆ ይሆናል፤ እኔም ስሙን ላለመጻፍ «በረኛችን» እያልኩ እጽፋለሁ። አሥራ ሁለት ደቂቃ መቅረቱን ራሔል ተናግራ ማይኩን እንዳለበሰችው፣ ገመቹ ወደ ቀኝ ተወርውሮ ለጎል የተቃረበች ኳስ በጣቱ ጫፍ አወጣ። ሜዳው በስሙ ተናወጠ። እሱ ተነሣ፣ ጉልበቱን አራገፈ፣ ዘወር ብሎም ባዶውን ወንበር አየ።

ራሔል ያን ጊዜ አልቻለችም። ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ ስታለቅስ እኔ ዓይኔን ከመስኮቱ አላነሣሁም ነበር፤ እጇ ያገኘውን ጨርቅ ስቦ እንባዋን እንደጠረገበት፣ ያም ጨርቅ ሻርፑ እንደሆነ አላየሁም። እንድትረጋጋልኝ ብቻ ፈልጌ እንዲህ አልኳት፦

«ራሔል፣ በእግዚአብሔር አታልቅሺ፤ ዘወር ካለ ያይሻል። የገመቹ እናት መሞታቸውን እሱ ዛሬ መስማት የለበትም። ማንም መስማት የለበትም።»

ከዚያ አንዲት ሴት ከእንጦጦ ወገብ ስትናገር ሰማሁ። ቀጭን፣ ጥንቁቅ፣ የማላውቀው ድምፅ ነበር፤ የገመቹ እናት መሞታቸውን እሱ ዛሬ መስማት የለበትም አለ፤ ማንም መስማት የለበትም አለ። ይህችን ምስጢር የምታወጣ ደፋር ማን ናት ብዬ ለአንድ አፍታ ያህል በእውነት ተቆጣሁ። ድምፄን በድምፅ ማጉያ ሰምቼው ስለማላውቅ የእኔ መሆኑን ያወቅኩት ራሔል ቀና ብላ፣ እጇ ላይ ያለውን ሻርፕ፣ ቀጥሎም ራቁቱን የቆመውን ማይክ ስታይ ነው።

ሜዳው ላይ ኳሷ ብቻ ነበረች የምትንቀሳቀሰው፤ ሜዳው ያዘመመ ነውና ቁልቁል ተንከባልላ ገደሉ ገባች፤ የሚከተላት አልነበረም። ፊሽካም አልተነፋም። የተጋጣሚው አጥቂ ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ቆመ። ገመቹ ወደ ክፍላችን አየ። አልጮኸም፤ ጓንቶቹን አንድ በአንድ አውልቆ፣ ጥንድ ጫማ እንደሚደረደር፣ ቋሚው ሥር ጎን ለጎን አስቀመጣቸው፤ ከዚያ አጠገባቸው መሬት ላይ ተደፋ። አጎቱ ከዛፎቹ ሥር እየሮጡ መጥተው ጋቢያቸውን ዘርግተው ሸፈኑት። የሁለቱም ቡድን ልጆች አንድ በአንድ መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሜዳው ለቅሶ ቤት ሆነ።

አጎቱ ሊወስዱት ሲወጡ በክፍላችን በር በኩል አለፉ። በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቆም አሉና «መርዶ እንዲህ አይነገርም፣ ልጄ» አሉኝ። ቁጣ አልነበረበትም፤ የማላውቀውን የሚያሳውቁኝ ይመስል ነበር።

ሰኞ ካምፓሱ በሙሉ በአውቶቡስ ለቅሶ ሄደ። ራሔል በመስኮት በኩል ቦታ ይዛልኝ ነበር። «ነይ ግቢ፤ አጠገቤ ነው የምትቀመጪው፤ ምንም አትናገሪም» አለችኝ። ሆዴን አሞኛል አልኳት። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ዓይን ለዓይን መተያየት እንደሚከብደው ልጅ ሆኜም አውቅ ነበር፤ ግን አውቶቡሱ አቧራውን ትቶ ወደ ተራራው ሲወጣ ቆሜ አየሁት። ገመቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ጸጉሩን ተላጭቶ ተመለሰ። እኔ በቤተ መጻሕፍቱ ጓሮ መዞር ጀመርኩ። ስንት ደብዳቤ ጽፌ እንደቀደድኩ አልነግራችሁም። ጻፊ ቢሉኝ የምጽፍ ልጅ፣ የሐዘን ቀን ሕፃን እንኳ በቃሉ የሚለውን አንድ ቃል አጣሁ። እሱም ከዚያ ወዲህ ጎል ላይ አልቆመም።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሸሸሁት። በተመረቅን ማግስት ጋዋን ልንመልስ ተሰልፈን ሳለ፣ ከኋላዬ «ጸሐፊ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከፊትም ከኋላም ሰው ነበርና መውጫ አልነበረኝም። ዞርኩ።

«እግዚአብሔር ያጽናህ» አልኩት።

ትንሽ ሳቀ። «ዛሬ ነው የደረሰሽ?» አለኝ። ቀጥሎ የታጠፈውን ጋዋን ከአንዱ ክንዱ ወደ ሌላው አዛወረና፣ የጨዋታ ውጤት እንደሚናገር ሰው በእርጋታ ነገረኝ። «ያን ቀን አጎቴን በእረፍት ሰዓት ከክፍላችሁ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ጋቢውን ዘቅዝቆ ነበር የለበሰው፤ የሐዘን አለባበስ ነው። ከእኔ ሊደበቅ ሲጣደፍ ጋቢውን ማስተካከል ረስቷል።»

«ታውቅ ነበር ማለት ነው?»

«አላውቅም ነበር። ፊሽካው እስኪነፋ አላውቅም ብዬ ለራሴ ነግሬው ነበር። ጨዋታው እስካላለቀ ድረስ እናቴ አለች። አሥራ ሁለት ደቂቃ ቀርቶኝ ነበር።»

ጋዋን ተረካቢዋ «ቀጣይ» አለች፤ ተራው የእኔ ነበር። ፈርሜ ዞር ስል ሌላ ነገር አላለኝም። ስድብ ቢሆን እችለው ነበር፤ ምንም አይደለም ቢለኝም ምናልባት አምኜው ቤቴ እገባ ነበር።

አሁን ሜዳው የለም፤ ሕንፃ ቆሞበታል። ራሔል መሪ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ልጆች ታሳድጋለች፤ ስንገናኝ ስለ ዳኛው ሱሪ እናወራለን፤ ስለዚያ ቅዳሜ ግን አንዳችንም አንስተን አናውቅም። የጥቅምትን ሰማይ፣ ገመድ ላይ የሚገለባበጡትን ሥዕሎች፣ የክራሩን ድምፅ፣ ምን ያህል እንዳጣኋቸው መለኪያ የለኝም። ከገመቹ የወሰድኩትን ግን መለካት ይቻላል። ከአናጢው ቤት የተመለስኩ ዕለት ከሰዓት በኋላ ሰዓቴን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ለእናቴ ደወልኩ። ውኃ ለሦስት ቀን ጠፍቶ ትናንት መምጣቱን ነገረችኝ፤ የጎረቤታችን ውሻ መውለዷን፣ ጉልበቷ ከብርዱ ጋር መጀመሩን ነገረችኝ፤ ምሳ መብላቴን ጠየቀች፤ ምን እንደበላሁም ጠየቀች፤ ድምፅሽ ልክ አይደለም፣ ምን ሆነሻል አለች፤ ምንም አልሆንኩም አልኳት፤ እንደ ልማዷ አንድ በአንድ መርቃኝ ተሰናበተችኝ። ስልኩን ስትዘጋው ሰዓቱን አየሁ። ከአሥራ ሁለቱ ገና አምስት ደቂቃ ቀርቶ ነበር።