የጂኦግራፊ መምህራችን ኮት

ዛሬ ጠዋት የሳልቫጅ ልብስ ቦንዳ ስፈታ ያ የብል መድኃኒት ሽታ ወጣና ወደ ስድስተኛ ክፍል መለሰኝ። ያኔ ይሄ የመርካቶ ሱቅ የእናቴ ነበር።

የጂኦግራፊ መምህራችን ሰሌዳውን ለሁለት ከፍለው «ያደጉ» እና «በማደግ ላይ ያሉ» ብለው ጻፉ። «ያደገ አገር በምን ይታወቃል?» ሲሉ እጄን አወጣሁ። ይሄን እኔ ያላወቅኩ ማን ሊያውቅ ነው!

«ቲቸር፣ ኮታቸውን ሳያልቅ ይጥሉታል» አልኩ።

ተማሪው በሳቅ አውካካ። እሳቸው ግን አልሳቁም። የኮታቸውን ቁልፎች አንድ በአንድ ቆለፉና «መጽሐፉ ላይ ያለውን ተናገሪ! ተቀመጪ!» አሉኝ።

ማታ ለእናቴ እያለቀስኩ ስነግራት ደነገጠች። «ምነው ልጄ፣ ደንበኛዬን ልታባርሪብኝ ነው?» አለችኝ። ምን አገናኘው ብዬ ይብስ ተናደድኩ።

ዛሬ ልጄ እዚሁ ቦንዳ ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች። መጽሐፉ ስንቴ ተቀየረ፤ እኛ ግን አሁንም በማደግ ላይ ነን!

«እማዬ፣ ያደገ አገር በምን ይታወቃል?»

ከቦንዳው ያወጣሁት ኮት እጄ ላይ ነው። የዋጋ ወረቀቱ እንኳ ገና አልተበጠሰለትም።

«መጽሐፉ ላይ ያለውን ጻፊ» አልኳት።