መህሬ ስንት እንደሆነ ባንኩ እስኪነግረን

ካርዱ ነፃ ነው አለኝ። ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ አል ዓይን ውስጥ የቤት ዕቃ በሚያስመጣ ድርጅት ጸሐፊ ነበርኩ። የዱቤ ካርድ የሚያድለው የባንክ ሰውዬ ከረባቱን አስሮ፣ ሽቶውን አርከፍክፎ ጠረጴዛዬ ፊት ቁጭ አለና "ሲስተር፣ ላንቺ ነፃ ነው" አለኝ። ወሎ ተወልጄ እስካድግ ነፃ የሚባል ነገር አላጋጠመኝም፤ ለካ ተጠራቅሞ የሚጠብቀኝ እዚህ በረሃ ላይ ኖሯል። ፎርሙን ፈረምኩ። ከሥሩ ጉንዳን የተርመሰመሰበት የሚመስል ጽሑፍ ነበርና "ይሄስ ምንድነው?" ስለው "ፎርማሊቲ" አለኝ። ከዚያ የገንዘቡ ልክም ቀኑም ያልተጻፈበት ቼክ አስፈረመኝ። እሱም ፎርማሊቲ ነው። ያ ቼክ ባንክ ቀርቦ ገንዘብ ከጠፋ እስር ቤት እንደሚያስገባ የነገረኝ ሌላ ሰው ነው፣ ያውም ከፈረምኩ በኋላ።

በካርዱ ቴሌቪዥን ገዛሁ፤ ጥሬ ገንዘብም አውጥቼ ለእናቴ የዓይን ሕክምና ላክሁ። በየወሩ ከባንኩ ሁለት ቁጥር ያለበት ወረቀት ይመጣል፤ አንዱ ትልቅ፣ አንዱ ትንሽ። ስልክ ደውዬ የትኛውን እንደምከፍል ብጠይቅ "ትንሹ ይበቃል፣ ማዳም" አሉኝ። ማዳም መባሌ ደስ ብሎኝ ትንሹን ስከፍል ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሆነ። ትልቁ ቁጥር ግን ንቅንቅ አላለም፤ እንዲያውም ወፈረልኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የኔ ሒሳብ እያደር ደፈረሰ።

በዚህ መሀል ባል መጣ። አቡ ዳቢ፣ ሚና ዛይድ ገበያ ላይ የካፊሉን፣ ማለት ዋስ የሆነውን የዐረብ አሠሪውን፣ አትክልትና ቴምር የሚሸጥ የአገሬ ልጅ ነው። አል ካራማ ዘመዶቼ ቤት አየኝና ሽማግሌ ላከ። አባቴ ከወሎ በስልክ እኔን የመዳሩን ውክልና ለሼኽዬ ሰጣቸው። ሼኽዬ እዚያው ሰፈር የቪላ ዘበኛ ናቸው፤ የአገራችንን ሰው ሁሉ ያጋቡ እሳቸው ናቸው። እኔም ከመጀመሪያው ሳልደብቅ ተናገርኩ፤ "ዕዳ አለብኝ። ወርቅ አልፈልግም፣ መህሬ ይኸው ዕዳዬ ይሁንልኝ።"

"አብሽሪ" አለኝ ሙሽራው፤ "ከወርቅ አይብስም።" ምስኪን! ወርቅ እኮ ሲመዘን ያዩታል።

ሼኽዬ ግን ጥሎሽ ላይ ቀልድ አያውቁም። ሙሽራው ለሙሽሪት የሚሰጠው መህር ልኩ ታውቆ፣ በምስክር ፊት ተነግሮ ነው ኒካሁ የሚታሰረው። "ዕዳሽ ስንት ነው?" አሉኝ።

"ባንኩ ነው የሚያውቀው።"

"እንግዲያው ይንገረና" ብለው ኒካሁን ለሐሙስ ቀጠሩ።

ሦስታችን አቡ ዳቢ ወዳለው ባንክ ሄድን፤ ሼኽዬ ነጭ ጥምጥማቸውን ጠምጥመው፣ ሙሽራው ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተተ፣ እኔ አፍሬ። መስኮቱ ላይ ያለው ወጣት ኮምፒውተሩን ነካ ነካ አድርጎ ቁጥር ነገረን። እኔ አስተርጓሚ ነኝ።

"ሐሙስም ይኸው ነው?" አሉ ሼኽዬ።

"ሐሙስ ይለወጣል።"

"ስንት ይሆናል?"

"ሲስተሙ ነው የሚያሰላው።"

"እንግዲያ ከሲስተሙ በላይ ያለውን ሰው ጥራልን።"

አለቃው መጣ፤ ከረባቱ ደግሞ የባሰ ነው። ውሃ አስቀዳልን፣ ፈገግ አለ፣ ወለድ አይደለም የአገልግሎት ክፍያ ነው አለ፣ የዘገየ ክፍያ ቅጣት አለ፣ ጥሬ ገንዘብ ያወጣችበት አለ፣ ደግሞ የካርዱ ዓመታዊ ክፍያ አለ። ሁሉን ነገረን፣ ስንት እንደሆነ ብቻ አልነገረንም። ሲጨርስ ሼኽዬን አየና እሳቸውም ካርድ ይፈልጉ እንደሆነ ጠይቂልኝ አለኝ። ነፃ ነው።

"ይቆየን በለው" አሉ ሼኽዬ።

ስንወጣ ሙሽራው ፊቱ ቲማቲም መስሏል። "እኔ ዋጋ ሳልለጥፍ ብገኝ የማዘጋጃ ቤቱ ሰው ይቀጣኛል። እነዚህስ ተቆጣጣሪ የላቸውም?"

"እነሱ ቲማቲም አይሸጡማ" አልኩት። ሳቀ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር። ሠላሳን አልፌያለሁ፣ ሰውዬውን ወድጄዋለሁ፣ ትዕግሥቱ ደግሞ የሰው ትዕግሥት ነው፤ አንድ ቀን ያልቃል።

ሐሙስ ሲደርስ የተነገረን ቁጥር አድጎ ተገኘ። ኒካሁ ለሚቀጥለው ሐሙስ ተላለፈ። ሰውዬው ከጓደኞቹ ተበድሮ ሞላ፤ በዚያኛውም ሐሙስ አዲስ ቅጣት ተወልዶ ጠበቀን። አል ካራማ ያሉ ሴቶች "አባቷ ፈቅዶ ባንኩ ከለከላት" እያሉ ተሳሳቁብኝ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም!

ለሦስተኛ ጊዜ ተሰበሰብን። ወንዶቹ ሳሎን ተቀመጡ፣ ሴቶቹ ከጓዳው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። የዚያን ቀን ጠዋት ባንኩ ጋ ስደውል የሰጡኝን ቁጥር ሙሽራው ለሼኽዬ ነገራቸው። "በግምት ነው ብለዋታል" ብሎ ጨመረ፣ ውሸት አያውቅም።

"ግምት መህር አይሆንም" አሉ ሼኽዬ።

በበሩ ስንጥቅ ሳይ ከሙሽራው ሽማግሌዎች አንዱ ተነሥተው ጫማቸውን በእግራቸው ይፈልጋሉ። ኸላስ፣ አለቀልኝ አልኩ በሆዴ። ሙሽራ በኒካህ ቀን አንገቷን ደፍታ ወኪሏ ነው የሚናገርላት፤ እኔ ግን ደሜ ፈላ። በሩን ከፈትኩት።

"ሼኽዬ፣ ባንኩን ከመህሬ ያውጡልኝ! ዕዳዬን እኔው እከፍላለሁ፣ ሠርቼ። እሱ በእጁ ያለውን ይናገር።"

አክስቴ ሻርፔን ይዛ ወደ ኋላ ትጎትተኛለች። ሽማግሌው አንድ እግራቸውን ጫማ ውስጥ እንደከተቱ ቀሩ። ሙሽራው ቀስ ብሎ ተነሣና ከግራ ኪሱ ጥቅል ገንዘብ አውጥቶ "ይሄ የሰው ነው፣ ይመለሳል" ብሎ ወደ ጎን አኖረው። ከዚያ ከቀኝ ኪሱ የራሱን አወጣና ምንጣፉ ላይ ጮክ ብሎ ቆጠረው። ቶሎ አለቀ። ጆሮው ቀላ።

"ይኸው ነው። ሌላ የለኝም።"

ሼኽዬ ጢማቸውን ዳሰሱ። "በየወሩ የሚጨመርበት አለ?"

"የለም።"

"ቅጣትስ?"

"ወላሂ የለም።"

"ከሥሩ በትንንሽ ፊደል የተጻፈ ነገርስ?"

ሳሎኑ በሳቅ ፈረሰ። ሽማግሌውም ጫማቸውን አውልቀው እየሳቁ ተቀመጡ። እኔ ከበሩ ኋላ ስቅስቅ ብዬ አለቅስ ነበር፤ ከደስታ ይሁን ከንዴት እንጃ፣ ምናልባት ከሁለቱም። ምንጣፉ ላይ ያለው ገንዘብ የባንኩን ቅጣት እንኳ አይሸፍንም። ግን ስንት እንደሆነ ሁላችንም ሰምተነዋል።

"ተቀብያለሁ!" አልኩ፣ ገና ማንም ሳይጠይቀኝ።