ሁለት ብሎንና አንድ ቃል

የጀልባ ሞተር ጠጋኙን ሰፈሩ ሁሉ «ቁጭበል» ይለዋል። ስሙን ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። ልጅ ሳለ ሁለት ጊዜ ጎርሶ ከገበታ ይነሳል፤ «ቁጭ በል» ትለዋለች፤ ይቀመጥና ደግሞ ይነሳል። አሁን ሃምሳ ሁለት ዓመቱ ነው፣ ያው ነው። ዳቦውን እየገመጠ ግቢውን ይዞራል። ስልክ ሲያወራ ከአጥር እስከ አጥር ይመላለሳል። «ተኝቶ እንኳ እግሩ ይሄዳል» ትላለች ሚስቱ፣ «ጠዋት ብርድ ልብሱን የማገኘው ሌላ አገር ነው።»

ሞተር ፊት ሲቆም ግን እጁ ይረጋል። እግሩ እንጂ እጁ አይቅበጠበጥም። ሐይቁ ዳር ባለች የቆርቆሮ ቤቱ ደጃፍ አንገቱ የተቆረጠ በርሜል ውሃ ሞልቶ ቆሟል። የጠገነውን ሞተር እዚያ ላይ ያስርና ያስነሳዋል። ወዲያው ከሞተሩ ጎን ቀጭን የውሃ ክር ይወጣል፤ አየር ላይ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ያ ክር ካልታየ ሞተሩ ውሃ አልጠጣም ማለት ነው፤ ግሎ ይሞታል። ቁጭበል ክሩን በጣቱ ይነካዋል። ለብ ካለ ዝም ይላል፣ ካቃጠለው ያጠፋዋል። እሳት ሲበላ የሚውል ብረት ጤናውን በአንዲት የውሃ ክር መናገሩ ሁሌም ይደንቃል።

ሞተር ጀልባ ላይ ሲገጥም ደግሞ የማይሽረው ሕግ አለው። ሁለቱን የእጅ ብሎኖች በጀልባዋ የኋላ ሳንቃ ላይ ያጠብቃል፤ ያሳድራል፤ በማግስቱ ሞተሩን በዝግታ ጥቂት ነድቶ እንደገና ያጠብቃል። «እንጨት እንደ ሰው ነው» ይላል። «ስትይዘው እሺ ይልሃል፣ አድሮ ይሸሻል።» ሰንሰለቱ የሚታሰረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ብሎኑ ቢከዳ እንኳ ሞተሩ ሐይቅ እንዳይገባ። ሁለተኛው ማጥበቅ ላልደረሰው ሞተር የሚለጥፈው ነጭ ፕላስተር ነበረው። ቀድሞ «አትንኩ» ብሎ ይጽፍበት ነበር። ደንበኞቹ «ሌባ ነን እንዴ?» ብለው ስለተቀየሙ ከወር ወዲህ ቃሉን አለዝቦ «ይጠብቃል» ብሎ ይጽፋል። ተራውን ይጠብቃል፣ ቆዩት ማለቱ ነው።

ያን ቀን ፕላስተሩ የተለጠፈው በገዛ ልጁ ጀልባ ላይ ነበር። ልጁ ሃያ አራት ዓመቷ ነው፤ ሰው ከዳር ወደ ማዶ ታሻግራለች። የጀልባዋ የኋላ ሳንቃ በስብሶ አዲስ ጣውላ ተተክቶላት ሞተሩ ገና ትናንት ነው የተመለሰው። አራት ሰዓት ላይ አክስቷን፣ ያችኑ የቁጭበልን ታላቅ እህት፣ ማዶ ወዳለው የዓይን ክሊኒክ ልታደርስ ነው። ሴትዮዋ የዓይኗን ሞራ ለማስወገድ ስምንት ወር ወረፋ ይዛለች።

ቁጭበል በማለዳ የሰንሰለቱን ማሰሪያ ዳዶ ሲያየው ጥርሱ አልቋል። አዲስ ሊገዛ ወጣ፤ ስልኩን በርሜሉ አጠገብ ረሳ። ዳዶውን ወደ ላይ እየወረወረ እየቀለበ ሲመለስ የልጁ ጀልባ የምትታሰርበት ካስማ ባዶውን ቆሟል።

ስልኩ ላይ መልእክት አለ። «አባዬ፣ ክሊኒኩ የአክስቴን ተራ ወደ ሦስት ሰዓት አመጣው። ሄደናል። የለጠፍከውን አይቻለሁ፣ አታስብ።»

ደግሞ አነበበው። አይታ ነው የሄደችው? ደወለ። ሐይቁ ላይ ስልክ አይሠራም። ያልረጋ ጣውላ፣ አንዴ ብቻ የጠበቁ ብሎኖች፣ ሰንሰለት የለ። መሃል ሐይቅ ላይ ሞተሩ ቢነቀል ልጁን መትቷት ሊያልፍ ይችላል።

ዓሣ አጥማጁ ጎረቤቱ ጀልባው ላይ ሆኖ መረብ ይጠግናል፣ ሲጋራ በአፉ።

«ጀልባህን» አለው ቁጭበል።

«ደህና አደርክ ቀረ?»

«ልጄ ያላለቀ ሞተር ይዛ ሄዳለች። እህቴም አብራት ናት።»

አጥማጁ መረቡን ጣለ። «ነዳጅ ግን ጠብታ የለኝም።»

ቁጭበል ሮጦ ገብቶ ቤንዚን በጀሪካን ይዞ ወጣ። «ሲጋራህን አጥፋ። ታንኩን ከጀልባው አውርደህ መሬት ላይ አስቀምጠው።»

«ቸኩለሃል ብዬ ነው እኮ። እዚያው ላንቆርቁረው።»

«የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ሲባል ስለ እህል ነው። ቤንዚን አይለቀምም። ጀልባው ሆድ ውስጥ ትነቱ ይተኛል፣ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል።»

«እሺ፣ ዘይቱን እንኳ ለዛሬ እንተወው።»

«ያለ ዘይት ግማሽ መንገድ ላይ ፒስተኑ ነክሶ ይቆምልሃል።»

ዘይት የሚለካው በጡጦ ነው። ልጁ የጠባችበት ጡጦ ነው፤ መስመሮቹ ዛሬም ይነበባሉ። ለአሥር ሊትር ቤንዚን እስከ ሁለት መቶ ሚሊ ሊትሩ መስመር። አምስት ሊትር ቀድቶ ዘይቱን ጨመረ፣ ክዳኑን ገጥሞ ናጠው፣ የቀረውን አምስት ሞላ። እግሩ አሸዋውን ሲረግጥ ጉድጓድ አወጣ፤ እጁ ግን ጠብታ አላፈሰሰም። እንዲህ ተጣድፎ እንዲህ ቀስ የሚል ሰው አይቼ አላውቅም ብሎ አጥማጁ እስከ ዛሬ ያወራል።

ወጡ። ዳሩ ከኋላቸው ቀጠነ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ሞተሩ ሳለ፣ ሳለ፣ ጠፋ።

ቁጭበል እሳት የሚጭረውን ካንዴላ ሊፈታ እጁን ሰደደና ቆመ። የታንኩን ክዳን አየ። «የአየር መግቢያዋን አልከፈትኳትም።»

«ለደንበኛ ሁሉ ስታስተምር እሰማህ የለ?» አለ አጥማጁ። «‹ታንክም ይተነፍሳል› እያልክ።»

«ዝም በል ወንድሜ።» ከፈታት። የነዳጁን ቱቦ የላስቲክ ኳስ ጠጠር እስኪል ጨመቀ፤ ገመዱን ሳበ። ተነሳ።

የልጁን ጀልባ ከሩቅ አዩዋት። አትንቀሳቀስም። ቁጭበል ብድግ ሲል ጀልባው ተናጠ።

«ስትደርስ ታያቸዋለህ፣ አሁን ትገለብጠናለህ» አለ አጥማጁ።

ሲጠጉ ልጁ ጀልባዋ ጭራ ላይ ተንበርክካ ሞተሩን እንደ ሕፃን አቅፋዋለች። አክስቷ የአንገት ሻርፗን በሞተሩ ወገብ ጠምጥማ ጫፉን ከጀልባዋ ቀለበት ጋር አስራዋለች። አንዱ ብሎን ሦስት ዙር ላልቷል። ሞተሩ መንገጫገጭ ሲጀምር ልጁ በእጅ አንጓዋ የታሰረውን ቀዩን የማጥፊያ ገመድ ስባ ነበር ያቆመችው።

«እትዬ፣ ደህና ናችሁ?»

«እኔ በግማሽ ዓይን ነው የማየው፣ እሷን ጠይቃት» አለች እህቱ።

«አንቺ ልጅ፣ የለጠፍኩትን አይተሽ እንዴት ትሄጃለሽ?»

«አይቼ ነዋ የሄድኩት። ‹ይጠብቃል› ይላል።» ብን አላልታ ነው ያነበበችው። «አባዬ ካለ ይጠብቃል፣ አይላላም ብዬ ሄድኩ።»

ቁጭበል ብን ረግጦ፣ አጥብቆ፣ ቃሉን አነበበላት። «ተራውን! ተራውን ይጠብቃል ነው ያልኩት።»

ሁለቱ ጀልባዎች ጎን ለጎን ተወዛወዙ። ጽሑፉ አንድ፣ ፊደሉ አምስት። ቃሉ ላልቶ ሲነበብ ብሎኑ ጠብቋል ይላል፤ ጠብቆ ሲነበብ ብሎኑ ገና ላላ ነው፣ ቆዩ ይላል። ትምህርት ቤት ለፈተና ብለን የሸመደድነው ማጥበቅና ማላላት መሃል ሐይቅ ላይ ሰው ሊያሰጥም ነበር።

«‹አልጠበቀም› ብለህ ጻፋ» አለ አጥማጁ።

«እሱም ያው ነው» አለች ልጁ። «‹አልታገሠም› ብለው ያነቡታል። አባዬ፣ አንተን መስሏቸው ያልፋሉ።»

«እናንተ ፊደል ስትቆጥሩ ተራዬ አለፈ» አለች እህቱ።

ቁጭበል ወደ ዳር ጎትቶ ሊመልሳቸው ገመድ አነሳ። እህቱ እጇን ዘረጋች፤ ገመዱን ለመቀበል ሳይሆን ለመከልከል። «ስምንት ወር ነው። ዛሬ ካለፈኝ ሌላ ስምንት ወር። አልመለስም።»

«ወደዚህኛው ጀልባ ተሻገሪ፣ እኛ እናድርስሽ።»

«በግማሽ ዓይን ከጀልባ ወደ ጀልባ አልዘልም። እዚሁ አጥብቀው።»

ሊዘል ተነሳ። የልጁ ጀልባ ትንሽ ናት፤ የእሱ ክብደት ከጭራዋ ላይ ቢጨመር ውሃ ትጠጣለች። ይህንን ከሁሉም በላይ የሚያውቀው እሱ ነው። ቆመ። ከዚያ ሁለቱን ጀልባዎች በሁለት እጁ አጣብቆ ያዘ፤ ሰንሰለቱንና ዳዶውን አጥማጁ አቀበላት።

«ሞተሩን ከሳንቃው መሃል አድርጊው። አንዱን ብሎን ብቻ አትጨርሺ። ግማሽ ዙር እዚህ፣ ግማሽ ዙር እዚያ።»

«አውቃለሁ አባዬ።»

«አሁን ሰንሰለቱን። አታርዝሚው።»

«አባዬ፣ እጄ ላይ አትናገር።»

እጁን ሳይሰድ መቆየቱ ከበደው፤ ጣቶቹ የጀልባዋን ጠርዝ ይዘው ነጡ። ልጁ ሁለቱን ብሎኖች ጨረሰች፣ ሰንሰለቱን በቀለበቱ አሳለፈች፣ ዳዶውን ገጠመች፣ ሞተሩን በሁለት እጇ ወዘወዘችው። ጀልባዋ አብራ ተወዘወዘች። ያን ጊዜ ጠርዙን ለቀቀ።

በዝግታ ነዱ፤ የአጥማጁ ጀልባ ሃያ ክንድ ያህል ከኋላ። ሦስት ሰዓት ሊሞላ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ማዶ ደረሱ። ልጁ አክስቷን ካወረደች በኋላ ማንም ሳይነግራት ወደ ብሎኖቹ ተመለሰች። «ሩብ ዙር ገባ» አለች። እሱ ደግሞ ሄዶ ሞከረው። አልገባም።

ክሊኒኩ በረንዳው ረጅም ነው፣ ወለሉ ጣውላ። እህቱ ከገባች ጀምሮ ቁጭበል ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመላለሰ። በአሥረኛው ዙር በሩ ተከፍቶ ነርሷ ብቅ አለች።

«የእሳቸው ወንድም እርስዎ ነዎት?»

«አዎ። ምን ሆነች?»

«ደህና ናቸው። ግን ‹የውጭው ኮቴ ካልጠፋ ዓይኔን አልሰጥም› ብለዋል።»

ቁጭበል ጎንበስ አለ። ጫማውን አወለቀ፣ ለልጁ አስያዛት፣ በካልሲው መመላለሱን ቀጠለ።